ፌስቡክ እምቢ ያለው የሱቅ ኮምፒውተር፦ የጥገና ማስታወሻ

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2018፣ ጠዋት

ሥራው የመጣው ከቅዳሜ ገበያ አጠገብ ካለ የሀበሻ ልብስ ሱቅ ነው። ማሽኑ ያገለገለ ዴል ዴስክቶፕ፤ ኮር ቱ ዱዎ፣ 4 ጊጋ ራም፣ ዊንዶውስ 7። ኢንተርኔቱ የመስመር ነው፤ ራውተሩ ጥለት ከተደረደረበት መደርደሪያ ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

የተነገረኝ ችግር፦ «ፌስቡክ በስልክ ይከፍታል፣ በኮምፒውተሩ አይከፍትም።» የሱቁ ባለቤት እትዬ የጥምቀት ትዕዛዝ የሚቀበሉት በፌስቡክ ገጻቸው ነው፤ አብዛኛው ደንበኛ ውጭ አገር ነው ያለው። ቀሚሶቹን በደህና ካሜራ አስነስተው ከኮምፒውተሩ ላይ ሊጭኑ፣ ለደንበኛም በሰፊው ኪቦርድ ሊጽፉ ፈልገዋል። በስልክ መጻፍ ዓይናቸውን አድክሟቸዋል። ለጥምቀት የቀረው ከወር ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ጥልፉ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል።

ከእኔ በፊት ያየው ሰው «ቪፒኤን ጫኑበት» ብሎ ሄዷል። ተጭኗል፤ አንድም ሳይሆን ሁለት። ሁለቱም «በመገናኘት ላይ» እንዳሉ ይቀራሉ። በሰውየው አልፈርድም። ከየካቲት 2 ቀን 2015 ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው እስከ ሐምሌ ቆይተዋል፤ ከዚያ ወዲህ ፌስቡክ እምቢ ካለ የሁሉም እጅ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ቪፒኤን ነው። ግን ከዚያ በፊት የሚለይ ነገር አለ፦ እምቢ ያለው መስመሩ ነው፣ ፌስቡክ ራሱ ነው፣ ወይስ ይህ ማሽን ብቻ?

የራሴን ስልክ ሞባይል ዳታውን አጥፍቼ በሱቁ ዋይፋይ ብቻ አስገባሁት። ዳታውን ሳያጠፉ «በስልክ ይሠራል» ማለት ምንም አይነግርም፤ ስልኩ በሌላ በር ሊወጣ ይችላል። ፌስቡክ ወዲያው ከፈተ። መስመሩ ደህና ነው፣ ፌስቡክም አለ። ፌስቡክ ራሱ የሚጠፋበት ጊዜ አለ፤ መስከረም 24 ቀን 2014 በመላው ዓለም ስድስት ሰዓት ያህል ጠፍቶ ነበር። ያን ዕለት ኮምፒውተሩን ፈታትቶ የገጠመ ሰው ሁሉ በነጻ ነው የለፋው።

ወደ ማሽኑ። ቴሌግራም ዴስክቶፕ ያለ ችግር ይሠራል። የዜና ድረ ገጾችም ይከፍታሉ፣ ግን መጀመሪያ ቀይ ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ሱቁ ውስጥ የምትሠራው ልጅ «እሱ ሁሌም አለ ጋሼ፤ እዚች ጋ ተጭና ትታለፋለች» ብላ አሳየችኝ። አንድ ላይ ስለማላየው ለብቻው ጻፍኩት፤ ኋላ ይፈለጋል። ፌስቡክ ላይ ግን ቀይም ነገር የለም። አድራሻውን ጽፎ ኢንተር ሲሉት እዚያው በዚያው «ግንኙነቱን እምቢ ብሏል» ይላል።

ፍጥነቱን ነው ያየሁት። የታገደ ወይም የደከመ መስመር ያንከራትታል፤ ክቧ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ በመጨረሻ «ጊዜው አልፏል» ትላለች። ዓይን ሳይርገበገብ የሚመጣ እምቢታ ብዙ ጊዜ ከቅርብ ነው።

ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ

ጥቁሩን መስኮት፣ ኮማንድ ፕሮምፕትን ከፈትኩ። ኤንኤስሉክአፕ በሚባለው ትእዛዝ የፌስቡክን አድራሻ ስጠይቅ በ157.240 የሚጀምር አድራሻ መለሰልኝ፤ ይህ የፌስቡክ የራሱ ነው። ዲኤንኤሱ፣ የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚመልሰው አገልግሎት፣ ትክክል ነው ማለት ነው። ቀጥዬ ያንኑ ስም ፒንግ ሳደርግ የመለሰልኝ 127.0.0.1 ነው።

127.0.0.1 ማለት ማሽኑ ራሱ ነው። የሁለቱ ትእዛዞች መልስ መለያየቱ ቦታውን ጠቆመኝ፦ ኤንኤስሉክአፕ በቀጥታ ወደ ዲኤንኤስ ሰርቨሩ ይሄዳል፤ ፒንግና ብራውዘር ግን መጀመሪያ ሆስትስ የሚባለውን ፋይል ያያሉ። እዚያ ውስጥ ስሙ ካለ ወደ ውጭ አይወጡም። ብራውዘሩ ፌስቡክን ፍለጋ ወደ ራሱ ማሽን ይሄዳል፤ ማሽኑ ላይ የሚቀበለው የለም፤ ስለዚህ ወዲያው እምቢ።

ፋይሉ ያለው ሲ ድራይቭ ላይ፣ ዊንዶውስ፣ ሲስተም 32፣ ድራይቨርስ፣ ኢቲሲ ውስጥ ነው። በኖትፓድ ከፈትኩት። የማይክሮሶፍት ማብራሪያ መስመሮች፣ ከዚያ ባዶ። ነገር ግን ከጎን ያለችው ማንሸራተቻ ጥፍር የምታህል ሆናለች፤ ፋይሉ ረጅም ነው ማለት ነው። ወደ ታች ብዙ ባዶ መስመር ከወረድኩ በኋላ ተደርድረው አገኘኋቸው፦ ፌስቡክ፣ የሞባይሉ ፌስቡክ፣ ሜሴንጀር፣ ኢንስታግራም፣ ቲክቶክ። እያንዳንዳቸው ፊት 127.0.0.1። የጻፈው ሰው አውቆ ነው ከታች የደበቃቸው።

እትዬን ጠየቅኳቸው። ትንሽ አሰቡና ሳቁ። «ውይ! የማትሪክ ጊዜ ነው እኮ!» ትልቁ ልጃቸው 12ኛ ክፍል ሲፈተን ኮምፒውተሩ ላይ እያመሸ ስላስቸገራቸው፣ ኮምፒውተር የሚያውቀውን የእህታቸውን ልጅ «ፌስቡኩን ዝጋልኝ» አሉት። ዘጋ፤ በደንብ ነው የዘጋው። ልጁ ተፈትኖ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። እገዳው ግን የሚያነሳው ሰው ሳያገኝ ቀረ፤ ቤተሰቡ ሁሉ ስልክ ላይ ስለሆነ ማንም ልብ አላለም።

ማጥፋቱም ቀላል አይደለም። ሰርዤ ሴቭ ስል ዊንዶውስ አልፈቀደም። ኖትፓዱን ራሱን በቀኝ ክሊክ «እንደ አድሚኒስትሬተር» ብሎ መክፈት ያስፈልጋል። እንደዚያም ሆኖ እምቢ አለ፤ ፋይሉ ላይ «ሪድ ኦንሊ» ምልክት ተደርጎበታል። ፕሮፐርቲስ ውስጥ ገብቼ ምልክቱን አነሳሁ። አንድ ሌላ ወጥመድ፦ ኖትፓድ በራሱ ፈቃድ መጨረሻው ላይ ነጥብ ቲኤክስቲ ይጨምርና ሌላ ፋይል ይፈጥራል፤ ዊንዶውስ ያንን አያነብም፣ የድሮው እንዳለ ይቆያል። «ኦል ፋይልስ» ብሎ ማስቀመጥ ነው። ከዚያ ማሽኑ በቃሉ የያዘውን የድሮ አድራሻ በአይፒኮንፊግ ፍላሽ ዲኤንኤስ ትእዛዝ ማስረሳት፣ ብራውዘሩን ዘግቶ መክፈት።

ሁለቱን ቪፒኤኖችም አነሳሁ። ምንም አላደረጉም፣ ግን ፍተሻው ላይ ተጨማሪ ጭስ ናቸው።

ፌስቡክን ድጋሚ ሞከርኩ። አልከፈተም፤ መልእክቱ ግን ተለውጧል፦ «ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል»። ይህ ለእኔ ግማሽ መንገድ ነው። እምቢታው ከተለወጠ የመጀመሪያው በር ተከፍቷል፣ ሁለተኛው ጋ ደርሻለሁ ማለት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ያው ነው፣ አልሠራም» ብሎ ያደረገውን ይመልሰዋል።

ወደ ሰዓቱ ልሄድ ስል መብራት ሄደ። እስከ ምሽት አልመጣም።

ወጪ፦ የለም።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 3

በዓታ ነው፤ እትዬ ሱቁን አልከፈቱም። «ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል» የሚለው መልእክትና ያረጀ ማሽን አንድ ላይ ሲመጡ ዕድሉ ማሽኑ ሲጠፋ ሰዓቱን የሚይዘው የማዘርቦርዱ ባትሪ ነው። ፒያሳ ወርጄ ሲአር 2032 ጠየቅኩ። የመጀመሪያው ሱቅ የሰጠኝ በመልቲሜትር 2.6 ቮልት አነበበ፤ ከነማሸጊያው አርጅቷል። መለስኩት። ሌላ ሱቅ ያገኘሁት ከ3.2 በላይ ነው። 150 ብር። መልቲሜትር ኪስ ውስጥ ይዞ መሄድ ሻጩን ቅር ያሰኛል፣ ግን ይህች ባትሪ ከውጭ ስትታይ ሁሌም አዲስ ነች።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 4፣ ማለዳ

ቅዳሜ ገበያው ሳይሞላ ለመጨረስ ከጧቱ 2 ሰዓት ተኩል ደረስኩ። ልጅቷ ሱቁን ገና መክፈቷ ነው። ማሽኑን ስታስነሳ ዝም ብዬ ቆሜ አየሁ። ይህን ያደረግኩት አስቤበት ነው፤ ሰው ማሽኑን በየቀኑ እንዴት እንደሚጠቀምበት ካላዩ የተበላሸውን ብቻ ነው የሚያዩት።

የሶኬት ማብሪያውን ተጫነች። ማሽኑ ጮኸ፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ሰዓቱ አልተሞላም የሚል መልእክት፣ ለመቀጠል ኤፍ 1። ሳታነበው ኤፍ 1 ተጫነች። ዊንዶውስ ከፈተ። ቀጥላ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ቀና ብላ አየች፣ ታች በቀኝ ጥግ ያለውን ሰዓት ከፈተች፣ ሞላች፦ ወር 4፣ ቀን 4፣ ዓመት 2018፣ ሰዓት 2፡50። ኦኬ።

ነገሩ ሁሉ እዚህ ነው ያለው። ታኅሣሥ አራተኛ ወር ነው፣ ቀኑ 4 ነው፣ ዓመቱም 2018 ነው። ለእኛ አንድም የተሳሳተ ነገር የለውም። ማሽኑ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ስለሆነ፣ ከሰባት ዓመት ከምናምን በፊት ያለ የኤፕሪል ሌሊት ውስጥ ነው የሚኖረው። ስነግራት «ጋሼ፣ ልክ ነው እኮ» አለችኝ፤ የካላንደሩን ወረቀት እያሳየች። ልክ ነች።

ለምን ፌስቡክ ብቻ እምቢ አለ? ድረ ገጽ ማንነቱን የሚያሳየው በሰርተፊኬት ነው፤ ሰርተፊኬቱ ላይ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የሚል አለ። እንደ ፈረንጆቹ ከሴፕቴምበር 2020 ወዲህ አንድ የድረ ገጽ ሰርተፊኬት ከ398 ቀን በላይ ዕድሜ አይሰጠውም። ስለዚህ ኤፕሪል 2018 ላይ ለቆመ ማሽን የዛሬው ሰርተፊኬት ሁሉ ገና ያልተወለደ ነው። ቀዩ ማስጠንቀቂያ ይህ ነበር። አንዳንድ ድረ ገጽ ላይ ብራውዘሩ «በራስህ ኃላፊነት እለፍ» የምትል መንገድ ይተዋል፤ ልጅቷ የምትጫናት እሷን ነው። ፌስቡክ ግን ክሮም ውስጥ አብሮ በሚመጣ ዝርዝር ውስጥ አለ፤ ኤችኤስቲኤስ የሚሉት ነው። በዚያ ዝርዝር ላለ ድረ ገጽ ማለፊያዋ ጭራሽ አትታይም።

ቴሌግራምስ? ቴሌግራም የራሱ የግንኙነት ስልት አለው፤ የማሽኑ ሰዓት ሲዛባ ከሰርቨሩ ሰዓት ጋር ልዩነቱን ራሱ ያስተካክላል። ለዚህ ነው ሁሉም «ኢንተርኔቱ አለ፣ ፌስቡክ ብቻ ነው» ሲሉ የከረሙት። ቪፒኤኖቹም «በመገናኘት ላይ» ብለው የቀሩት ሰርተፊኬት እየፈተሹ ሳይሆን አይቀርም፤ አንስቻቸዋለሁና ወደ ኋላ ተመልሼ አልፈትሽም።

የስድስት ሰዓቱ ልዩነት ብቻውን ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ያልፍ ነበር። ያስቸገረው ዓመቱ ነው።

ዊንዶውስ ሰዓቱን በኢንተርኔት ራሱ ያስተካክል የለም ወይ? ሞከርኩት። «ለደኅንነት ሲባል ማስተካከል አይቻልም፣ የኮምፒውተርዎ ቀን አይገጥምም» አለ። የዊንዶውስ የሰዓት አገልግሎት ከ15 ሰዓት በላይ የሚርቅ ልዩነት ሲያይ አይነካም፤ የሰው እጅ ይጠብቃል። ስለዚህ መጀመሪያ በእጅ ዲሴምበር 13 ቀን 2025፣ 8፡55 ብዬ ሞላሁ። የሰዓት ዞኑን ናይሮቢ አደረግኩት፤ ዝርዝሩ ላይ አዲስ አበባ የለም፣ ናይሮቢ ግን ከእኛ ጋር አንድ ነው። ከዚያ «አሁን አስተካክል» ስለው ተስማማ።

ፌስቡክ ከፈተ። መግቢያው ገጽ፣ ሰማያዊው በተን፣ ሁሉም አለ።

ቅዳሜ፣ ጥቂት ቆይቶ

አላለቀም። የመጀመሪያዋ ደንበኛ መጣች፣ ልጅቷ የትዕዛዝ ወረቀት አተመች። ወረቀቱ ላይ፦ «ቀን 13/12/2025፣ መረከቢያ 03/01/2026»። ደንበኛዋ ወረቀቱን አገላብጣ አየችና «ይሄ ደግሞ የማን አገር ቀን ነው?» አለች።

የትዕዛዝ ወረቀቱ በኤክሴል የተሠራ ነው። ቀኑን ከማሽኑ ይወስዳል፤ መረከቢያው ዛሬ ሲደመር 21 ነው። ለዚህ ነው ልጅቷ በየጧቱ ቀኑን በሐበሻ የምትሞላው። ማንም አላዘዛትም፤ ደንበኛ በሚያውቀው ቀን ወረቀት መስጠት ስላለባት ራሷ ያገኘችው መላ ነው። ሠርቶላታልም። የሚያስቸግራት ጥቅምት መጨረሻ ነው፦ «29ንና 30ን እምቢ ይለኛል፣ በእስክሪብቶ ነው የምጽፈው» አለችኝ። አዎ፤ ጥቅምት ሁለተኛ ወር ነው፣ ሁለተኛው የፈረንጅ ወር ፌብሩዋሪ ደግሞ 2018 ላይ 28 ቀን ብቻ ነው ያለው። ጳጉሜንም ያው በእስክሪብቶ።

ቀኑን አስተካክዬ፣ ገንዘቤን ተቀብዬ ብሄድ ሰኞ ጧት ግድግዳውን አይታ መልሳ እንደምትሞላው እርግጠኛ ነበርኩ። መብቷ ነው። ስለዚህ ፌስቡኩን ትቼ ኤክሴሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ረጅም ፎርሙላ መጻፍ ይቻላል፣ ግን እኔ ከሌለሁ ማንም የማይጠግነው ነገር ይሆናል። ሰንጠረዥ መረጥኩ። አዲስ ሺት ላይ ሁለት ዓምድ፦ በግራ የሐበሻ ወር 1 ቀን በፈረንጅ መቼ እንደሚውል፣ በቀኝ የወሩ ስምና ዓመት። መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025፣ ጥቅምት 1 ኦክቶበር 11፣ ኅዳር 1 ኖቬምበር 10፣ ታኅሣሥ 1 ዲሴምበር 10፣ ጥር 1 ጃንዋሪ 9 ቀን 2026፣ እንዲያ እያለ እስከ ጳጉሜን 1፣ ሴፕቴምበር 6። ከግድግዳው ካላንደር ላይ ልጅቷ እያነበበች እኔ ጻፍኩ፤ ካላንደሩ ሁለቱንም ቀን ስለያዘ ስሌት አላስፈለገም።

ትእዛዙ ቪሉክአፕ ነው፦ የዛሬን ቀን በግራው ዓምድ ፈልግ፣ የሚያልፈውን ሳይሆን ከእሱ በፊት ያለውን ቅርቡን ውሰድ፣ ስሙን አምጣ። መጨረሻው ላይ «ፎልስ» ከተባለ ወር በገባ በ1 ቀን ብቻ ነው የሚሠራው። የቀኑ ቁጥር ደግሞ ዛሬ ሲቀነስ የወሩ መጀመሪያ፣ ሲደመር 1። ዲሴምበር 13 ሲቀነስ ዲሴምበር 10፣ ሲደመር 1፣ 4። ታኅሣሥ 4። ለመረከቢያውም ያንኑ፣ ዛሬ ላይ 21 ተደምሮ፦ ታኅሣሥ 25። ልጅቷ በጣቷ ቆጥራ አረጋገጠች።

የ2019ንና የ2020ን መጀመሪያም ጨመርኩ። 2019 ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ ጳጉሜን 6 ትሆናለች፤ ስለዚህ የ2020 መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2027 ነው እንጂ 11 አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ የተዘጋጀ ፋይል በአንድ ቀን ሲስት አይቻለሁ።

አታሚው ላይ አዲሱ ወረቀት ወጣ፦ «ታኅሣሥ 4 ቀን 2018፣ መረከቢያ ታኅሣሥ 25 ቀን 2018»። በቁጥር ብቻ ከሚጻፈው ይልቅ ከነወሩ ስም መሆኑን ወደደችው። ገበያው ሞልቶ ስለነበር ባትሪውን ለሰኞ አቆየሁት፤ «እሁድ ማሽኑን ከሶኬት አትንቀሉት» ብዬ ሄድኩ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6

ነቅለውታል። እትዬ ሲዘጉ ሁሉንም ነገር ይነቅላሉ፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይል ጨምሮ እየመጣ አንድ ቴሌቪዥን አቃጥሎባቸዋል። ልማዱ ትክክል ነው፣ አልከራከርም። ግን የባትሪው ነገር የከፋው በዚህ ነው። ማሽኑ ሶኬት ላይ እንደተሰካ ከሆነ ጠፍቶም ቢሆን ሰዓቱ ከፓወር ሰፕላዩ በሚመጣ ትንሽ ኃይል ይቆጥራል፤ ባትሪው የሞተ መሆኑ አይታወቅም። ሲነቀል ያለችው ባትሪዋ ብቻ ናት። ሌሊቱን በሙሉ ተነቅሎ ስለሚያድር በየጧቱ ሰዓቱ ባዶ ነው።

ባትሪውን ከመንካቴ በፊት የባዮሱን፣ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳውን የማሽኑን መሠረታዊ ማስተካከያ፣ ገጾች በሙሉ በስልኬ ፎቶ አነሳሁ። አንዳንድ ያረጀ ማሽን ባትሪው ሲወጣ የሃርድ ዲስኩን አሠራር ወደ ፋብሪካው ይመልሰዋል፤ ከዚያ ዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን እያሳየ አይነሳም፣ ያልነበረ ችግር ይወለዳል። ሽፋኑን ከፈትኩ። ውስጡ የጥጥ ብናኝ ነው፤ የልብስ ሱቅ ማሽን ሁሉ እንዲህ ነው፣ የፕሮሰሰሩ ፋን ላይ ነጭ ብርድ ልብስ ለብሷል። በብሩሽ አጸዳሁት። አሮጌው ባትሪ 0.9 ቮልት አነበበ። በጥፍር ሳይሆን በጠፍጣፋ ፕላስቲክ ማያዣውን ገፋ አድርጎ ማውጣት ነው፤ ማያዣው ከተሰበረ መተኪያ የለውም። አዲሱ ገባ፤ ጽሑፉ ወደ ላይ።

ባዮስ ውስጥ ገብቼ ቀኑን ሞላሁ፣ ከፎቶው ጋር አመሳከርኩ፣ የሃርድ ዲስኩ አሠራር አልተለወጠም። ከሶኬት ነቅዬ ቡና እስኪጠጣ ድረስ ተውኩት። ሲነሳ ጩኸት የለም፣ ኤፍ 1 የለም፣ ቀኑ እንዳለ ነው።

ቀጥሎ እትዬ ወደ አካውንታቸው ሊገቡ። ፌስቡክ የማያውቀው መሣሪያ ስለመሰለው ኮድ ላከ፤ የላከው ዩኒቨርሲቲ ወዳለው ልጃቸው ስልክ ነው፣ ገጹን የከፈተላቸው እሱ ስለሆነ። ክፍል ውስጥ ኖሮ አላነሳም። ቆይቶ ሲደውል ኮዱ ጊዜው አልፏል፤ ሌላ አስልከን ገባን። ስልክ ቁጥሩን ወዲያው በእሳቸው ቀየርነው።

ገቡ፣ ግን ገጹ ግማሽ ነው። ከላይ ያለው መስመር አለ፤ መሀሉ ላይ ግራጫ ሳጥኖች ብቻ፣ ሲጠብቁት አይሞላም። ኢንኮግኒቶ መስኮት ከፍቼ ስገባ ሙሉ ነው። ኢንኮግኒቶ ውስጥ ኤክስቴንሽን ካልተፈቀደለት አይሠራምና ጥርጣሬዬ ወደዚያ ሄደ። ሦስት ነበሩ፤ አንድ በአንድ እያጠፋሁ ገጹን ሳድስ ቪዲዮ ማውረጃው ሲጠፋ ገጹ ሞላ። የልጅቷ ነው፤ የጥልፍ ዲዛይን ቪዲዮ እያወረደች ለጥልፍ ሠሪዋ በፍላሽ ትልክላታለች፣ ሴትየዋ ቤት ኢንተርኔት ስለሌለ። ስለዚህ ዝም ብዬ አላነሳሁትም። ለማውረጃው በክሮም ውስጥ ሌላ ፕሮፋይል ከፈትኩላት፤ ፌስቡክ በአንዱ፣ ማውረጃው በሌላው፣ ሁለቱ አይተያዩም። የፌስቡክን የተጠራቀመ ካሽና ኩኪም በዚያው አጸዳሁ።

የመጀመሪያው ፎቶ ተጫነ። ነጭ ቀሚስ፣ ቀይና አረንጓዴ ጥለት።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8

ቀሪው የዊንዶውስ 7 ነገር ነው። ማይክሮሶፍት ድጋፉን ያቆመው ጥር 5 ቀን 2012 ነው። ክሮምም በዚህ ዊንዶውስ ላይ ከ109 አያልፍም። ዛሬ ፌስቡክ ይሠራል፤ አንድ ቀን «ብራውዘርዎ አይደገፍም» ማለቱ አይቀርም። እትዬ «ታዲያ ዊንዶውስ 10 ጫንበት» አሉኝ። የእሱም ድጋፍ ባለፈው ጥቅምት 4 አብቅቷል፤ 11 ደግሞ ይህን ማሽን አይቀበለውም።

በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራውን ነጻ ሲስተም፣ ሊኑክስ ሚንትን፣ ከፍላሽ አስነስቼ አሳየኋቸው። ፌስቡክ ያለ ችግር ይከፍታል፣ አማርኛም ይጻፍበታል። ያስቸገረው የድሮ ሰነዳቸው ነው፤ የዋጋ ዝርዝሩና የደንበኛ መዝገቡ ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ስለሆነ ፎንቱ በሌለበት ትርጉም የሌለው ፊደል ብቻ ነው የሚያሳየው። ያንን መገልበጥ ጊዜ ይፈልጋል፤ በጥምቀት ሥራ መሀል አይሞከርም። ለጊዜው ዊንዶውስ 7ን የሚደግፈውን የመጨረሻ ፋየርፎክስ፣ 115ን ተጠባባቂ አድርጌ ጫንኩ። ፋየርፎክስ የሚያምናቸውን የሰርተፊኬት ሰጪዎች ዝርዝር ራሱ ይዞ ስለሚዞር፣ ያልታደሰ ዊንዶውስ ላይ ይሻላል። ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣን ዲስክና ሊኑክሱ ከጥምቀት በኋላ፤ ዋጋውን ያኔ እንነጋገራለን።

ሂሳብ፦ ባትሪ 150፣ የእጅ ዋጋ 800። እትዬ 1000 ሰጡኝና መልሱን «ተወው፣ ለኤክሴሉ ነው» አሉ።

ልሄድ ስል ጠሩኝ። «የኔ ልጅ፣ ያንን መዝጊያ ለትንሿ መልስልኝ፤ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ናት።» ሆስትስ ላይ የተጻፈ እገዳ ተጠቃሚ አይለይም፤ ለልጅቱ ሲዘጋ የሱቁም ገጽ ይዘጋል፣ ስልኳን ደግሞ ጭራሽ አይነካውም። ይህን አስረድቼ ሌላ አደረግኩ፦ ለእሷ ለብቻዋ የዊንዶውስ አካውንት ከፈትኩ፣ የእሳቸው ላይ ፓስዎርድ ተደረገ፣ በፓረንታል ኮንትሮል የምትገባበት ሰዓት ተወሰነ። ሰንጠረዡ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚሞላው፤ ከቀኑ 10 እስከ ምሽቱ 1 ለማለት ከ4 እስከ 7 ፒኤም ላይ ነጭ ተደርጎ ሌላው ሰማያዊ ይሆናል። እትዬ ሲቀይሩት እንዳያሳስታቸው ሁለቱን ሰዓት ጎን ለጎን በወረቀት ጽፌ የሞኒተሩ ጠርዝ ላይ በፕላስተር ለጠፍኩላቸው።